ምርጡን ቤት መፈለግ ይቅርብን

እኔ የምለው… ይሄን «ምርጥ» የሚሉትን ቃል ማን ነው እንዲህ ሾሞ ያስቀመጠብን? ሰዉ ማድሪድ ወይ ባርሴሎና ሊሄድ ሲነሳ ገና ሻንጣው ሳይዘጋ «እስቲ አንድ ምርጥ የታፓስ ሬስቶራንት ጠቁሙኝ» ይላል። ከተማዋ ከገባም በኋላ ሆቴሉ አልጋ ላይ በጀርባው ተንጋሎ ስልኩን ይጎረጉራል። ኮከብ ይቆጥራል፤ ፎቶ ያገላብጣል፤ በሕይወቱ አይቶት የማያውቀው ሰው «ወድጄዋለሁ» ብሎ የጻፈውን ያነባል። መስኮቱን ከፍቶ ቁልቁል ቢመለከት እኮ የሰፈሩ ሰው ከአንዱ ቤት ወጥቶ ወደ ሌላው ሲሻገር ያይ ነበር!

ስፔንን ደጋግሜ የማየት ዕድል ገጥሞኛልና ይህ ጥያቄ በቀረበልኝ ቁጥር ያናድደኛል። «አንተ ደግሞ በማያናድደው ትናደዳለህ፤ ስለ ምግብ ቤት ነው እኮ የተጠየቅከው» የሚሉኝ አሉ። አይደለም። ጥያቄው ውስጥ ሦስት ቃላት ተሰግስገዋል፤ «ሬስቶራንት»፣ «ምርጥ» እና «ማግኘት»። ሦስቱም የተሳሳቱ ናቸው። ሦስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ደግሞ የሚፈለገውን ነገር ይገድሉታል። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያዙልኝ።)

ከ«ሬስቶራንት» እንጀምር። «ታፓ» በስፓኒሽ «ክዳን» ማለት ነው። ስለ አጀማመሩ የሚወራው ተረት ብዙ ነው። አንዱ ተረት የ13ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ አልፎንሶ 10ኛ ታሞ ሳለ ከወይን ጠጁ ጋር ትንሽ ትንሽ ምግብ እንዲቀምስ ተመከረ ይላል። ሌላው ደግሞ ንጉሥ አልፎንሶ 13ኛ ካዲዝ በተባለችው የባሕር ዳር ከተማ ወይን ጠጅ ሲያዝ፣ ነፋሱ አሸዋ እንዳይጨምርበት አሳላፊው የብርጭቆውን አፍ በስስ ሥጋ ከደነው ይላል። ተረት ተረት ነው፤ ማንም አልማለበትም። ሁለቱ ግን በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ዋናው ብርጭቆው ነው፣ ምግቡ አጃቢ ነው። ከብርጭቆውም በላይ ዋናው አብሮ የቆመው ሰው ነው።

ስፔኖች ከዚህ ቃል ግስ ሠርተውለታል፤ «ታፔያር» ይላሉ። ቤት ለቤት እየዞሩ፣ እየቀመሱ፣ እያወሩ ማምሸት ማለት ነው። አንድ ቤት ይገባል፤ ባንኮኒው ላይ ክርን ተደግፎ ይቆማል፤ አንዲት ትንሽ ቢራ ይታዘዛል፤ ቤቱ የሚታወቅበት አንድ ነገር ይቀመሳል፤ ሂሳብ ተከፍሎ ይወጣል። ቀጥሎ ሁለት በር አልፎ ሌላ ቤት። ቢራዋ እንኳ ትንሽ የሆነችው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሳትሞቅ ቶሎ እንድታልቅና ሰውዬው ወደሚቀጥለው ቤት እንዲሄድ ነው። እንግዲህ ይህን እየዞሩ የሚኖሩትን ነገር ነው እኛ ወንበር ስበን፣ ናፕኪን ጭናችን ላይ ዘርግተን፣ ሦስት ሰዓት ተቀምጠን በአንድ ጣሪያ ሥር ልንጨርሰው የምንፈልገው።

አብዛኛው ደህና ቤት የሚታወቀው በአንድ ነገር ነው። ማድሪድ እምብርት ላይ፣ ፑዌርታ ዴል ሶል ከሚባለው አደባባይ አጠገብ፣ በ1860 የተከፈተ «ካሳ ላብራ» የሚባል ቤት አለ። ሰዉ እዚያ የሚሰለፈው ለተጠበሰ ባካላኦ ነው፤ ጨው ተደርጎበት የደረቀ፣ እንደገና በውኃ የራሰ ኮድ የሚባል ዓሣ ነው። በሜይ 2 ቀን 1879 የማተሚያ ቤት ሠራተኛው ፓብሎ ኢግሌሲያስና ጓደኞቹ በድብቅ ተሰብስበው የስፔንን ሶሻሊስት ሠራተኞች ፓርቲ የመሠረቱት እዚሁ ቤት ውስጥ ነው። ኋላ አገሪቱን ለብዙ ዓመታት የመራ ፓርቲ ነው እንግዲህ! ከዚያ ትንሽ ራመድ ሲባል ደግሞ ከ1906 ጀምሮ ያለ «ካሳ ዴል አቡዌሎ» ይገኛል፤ «የአያት ቤት» እንደማለት ነው። የዚያ ቤት ነገር ሽሪምፕ ነው፤ በነጭ ሽንኩርትና በዘይት እየተንጨረጨረ በሸክላ ድስት ይመጣል። ፕላሳ ማዮር አካባቢ ያሉት ቤቶች ደግሞ የተጠበሰ ካላማሪ ዳቦ ውስጥ ሰግስገው ይሰጣሉ። ማድሪድ ከባሕር ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ የራቀች ከተማ ሆና የባሕር እንስሳ ሳንዱች መታወቂያዋ መሆኑ በራሱ ጉድ አይደለም?

ከማድሪድ ወጣ ስትሉ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ግራናዳ ላይ መጠጥ ካዘዛችሁ ታፓው በነፃ ይመጣል፤ ሁለተኛ ስታዙ ሁለተኛው ይመጣል፤ ምን እንደሚመጣ የሚወስነው ብዙ ጊዜ ቤቱ ነው። ሰሜን ላይ፣ በባስኮች ከተማ በሳን ሴባስቲያን፣ ስሙም ይለወጣል፤ «ፒንቾ» ይሆናል። እዚያ «ጊልዳ» የምትባል አንዲት እንጨት ላይ የተሰካች ቅምሻ አለች፤ የወይራ ፍሬ፣ ጨው የጠጣ ትንሽ ዓሣና ቀጭን የኮመጠጠ ቃሪያ። ስሟን ያገኘችው ሪታ ሄይዎርዝ ከሠራችበት የ1946ቱ «ጊልዳ» ፊልም ነው። ጨዋማ፣ አረንጓዴና ትንሽ የምታቃጥል ናት፤ የፊልሟም ሴት እንደዚያው ናት ተብሎ ነው አሉ።

ታዲያ ስድሳ ዓይነት ምግብ በአንድ ሜኑ የደረደረ፣ የሳን ሴባስቲያኑንም የግራናዳውንም የማድሪዱንም «እኔ ጋ አለ» የሚል ቤት ስታገኙ ምን ትላላችሁ? እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፤ ሁሉን የሚሠራ ሰው የትኛውንም አልለመደውም። ስድሳውን በየቀኑ ትኩስ አድርጎ የሚያዘጋጅ ማዕድ ቤት የለም፤ ማቀዝቀዣና ማይክሮዌቭ ግን አለ።

አሁን ወደ «ምርጥ» እንምጣ። ይህን ቃል ማን ነው የሚሰጠው?

በ2017 ለንደን ውስጥ የሆነውን ላስታውሳችሁ። ኡባ በትለር የሚባል ጋዜጠኛ ጓሮው ውስጥ ያለችውን የዕቃ ማስቀመጫ ጎጆ በአንድ ታዋቂ የምግብ ቤት ደረጃ ማውጫ ላይ ምግብ ቤት ናት ብሎ አስመዘገባት። ምግብ አልነበራትም። ወንበርም አልነበራት። ለሜኑው የሚሆን ፎቶ ሲያነሳ ሳሙናና ቀለም የመሳሰለውን ሁሉ ምግብ አስመሰለው። ወዳጆቹ የውሸት ምስጋና ጻፉላት። ስትመዘገብ ከለንደን 18,149ኛ ነበረች። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ አንደኛ ወጣች! ከለንደን ሁሉ አንደኛ፤ አንዲት ሳህን ሳታቀርብ። ስልኩ በጥሪ ተጨናነቀ፤ ሰዉ «እባክህ ቦታ ያዝልኝ» እያለ ለመነ። በመጨረሻ አንድ ምሽት እንግዶች ተቀብሎ ከሱፐርማርኬት የተገዛ ርካሽ የታሸገ ምግብ አሙቆ አቀረበላቸው። ከተስተናጋጆቹ መካከል «ሌላ ቀን መምጣት እንችላለን ወይ?» ያለ ተገኘ።

ይሄ ቀልድ ብቻ አይደለም። የውሸት አስተያየት የሚሸጥና የሚገዛ ሸቀጥ ሆኗል። በ2024 የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ይህንን የሚከለክል ደንብ ለማውጣት የተገደደው ነገሩ ገበያ ስለሆነ ነው። ሌባ በሌለበት አገር የሌባ ሕግ አይወጣም።

«እሺ፣ ተራው ሰው ይዋሻል፤ ባለሙያዎቹስ?» ትሉኝ ይሆናል። የባለሙያዎቹም ታሪክ ደስ ይላል። በዓለም ላይ ሼፎች እንቅልፍ አጥተው የሚጠብቁት የሚሽለን መጽሐፍ በ1900 ሲጀመር ያሳተሙት የመኪና ጎማ ነጋዴዎች ናቸው። በወቅቱ መላው ፈረንሳይ ውስጥ የነበሩት መኪኖች 3,000 አይሞሉም ነበር። ሰው ብዙ ከነዳ ጎማው ያልቃል፤ ጎማው ካለቀ ይገዛል፤ ስለዚህ ራቅ ያለ ቦታ የሚሄድበት ምክንያት ይሰጠው ተባለ። ኮከብ መስጠቱ የመጣው ከ26 ዓመት በኋላ ነው። መጽሐፉ ዛሬ የራሱ ክብር አለው፤ አልነፍገውም። ግን ደረጃ የሚያወጣላችሁ ሁሉ የሚሸጠው ነገር እንዳለው አትርሱ። አንዱ ጎማ ይሸጣል፤ ዘመነኛው ደግሞ እናንተኑ ለማስታወቂያ ነጋዴ ይሸጣል።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ሌላ ነው። ኮከብ የሚሰጠው ማን ነው? መንገደኛው ነው። አንድ ጊዜ መጥቶ የሚሄደው፣ የማይመለሰው። ለአርባ ዓመት በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ አንድ ብርጭቆ ቬርሙት የሚጠጣው ጡረተኛ ስልኩን አውጥቶ «አገልግሎቱ ፈጣን፣ አምስት ኮከብ» ብሎ አይጽፍም። ምን ብሎት! የሱ አስተያየት ነገም ተመልሶ መምጣቱ ነው። ስለዚህ የሰፈር ሰው የሚወደው ቤት ዝርዝሩ ታች ይቀራል፤ መንገደኛ የሚበላበት ቤት ላይ ይወጣል። ላይ ስለወጣ ሌላ መንገደኛ ይመጣል። እንዲህ እየተባለ ማንም የማይመለስበት ቤት «የከተማዋ ምርጥ» ይሆናል።

ይህንን በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ምሽት አብረውኝ ለስብሰባ የመጡ ሰዎች ማድሪድ መሐል ከተማ፣ ስሙን የማልጠቅሰው «ባለ አራት ተኩል» ቤት ጎትተው ወሰዱኝ። ሃምሳ ደቂቃ ያህል ተሰለፍን። በሩ ላይ የቆመ ልጅ በአምስት ቋንቋ ይጣራል። ሜኑው ባለ ፎቶ ነው። ፓታታስ ብራቫስ የሚሉት ባለ ስጎው የተጠበሰ ድንች መጣ፤ ዳሩ ያቃጥላል፣ መሐሉ በረዶ ነው። ሳናዝ የመጣው ዳቦ በነፍስ ወከፍ ተቆጠረብን። ዙሪያችን ከተቀመጠው ሰው አንድም ስፓኒሽ የሚናገር አልነበረም። በማግስቱ ማድሪድ ውስጥ ሃያ ዓመት የኖረ ያገሬ ልጅ ወደ ሰፈሩ ወሰደኝ። ቤቷ ጠባብ ናት። ሰሌዳ ላይ በጠመኔ የተጻፉት ምግቦች ስድስት ናቸው፤ ሁለቱ ተሰርዘዋል፤ አልቀው ነው። ወይዘሮዋ ቶርቲያ ቆረሱልን፤ እንቁላልና ድንች ነው በቃ፤ መሐሉ ገና እርጥብ፣ ለብ ያለ። «ይሄ ቤት ስልክ ላይ ስንት ኮከብ አለው?» ብዬ ጠየቅኩት። «ማን ያውቃል?» አለኝ ትከሻውን ሰብቆ፤ «እኛ ሰኞ ሰኞ ዝግ መሆኑን ብቻ ነው የምናውቀው።»

ሦስተኛው ቃል «ማግኘት» ነው። ዋናው ጠቤም ከዚህ ጋር ነው።

ስፔን 49 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ አላት። በ2024 ብቻ ወደ 94 ሚሊዮን የሚጠጋ የውጭ ጎብኚ ገባባት። ከባለቤቱ እጥፍ የሚጠጋ እንግዳ ማለት ነው! እንግዳ መቀበል መልካም ነገር ነው፤ እኛም የምንኮራበት ነገር ነው። ነገር ግን ይህ ሁሉ እንግዳ ያንኑ አሥር ቤት የያዘ ዝርዝር አንብቦ ሲመጣ ምን ይሆናል? አሥሩ ቤቶች ይጨናነቃሉ፤ አጠገባቸው ያሉት ሁለት መቶዎች ባዶ ይውላሉ። የአሥሩ ሰፈር ኪራይ ይንራል። ኪራዩ ደግሞ አሥሩን ብቻ ነክቶ አይቆምም፤ ጫማ ጠጋኙንም፣ ዳቦ ቤቱንም፣ የወይዘሮዋን ስድስት ምግብ ያላት ቤትም ይነካል።

የሕጉን ነገር ልንገራችሁ። ስፔን ውስጥ ከ1985 በፊት የተፈረሙ ብዙ የንግድ ቤት ኪራዮች ለረጅም ዘመን በድሮ ዋጋቸው ተይዘው ቆይተው ነበር። በ1994 የወጣው ሕግ የሃያ ዓመት የመሸጋገሪያ ጊዜ ሰጣቸውና በ2014 መጨረሻ ጊዜው አበቃ። በአንድ ጊዜ የገበያ ዋጋ ክፈሉ ተባሉ። በማድሪድም በባርሴሎናም ከአያት የወረሱ ሱቆችና ቡና ቤቶች ተዘጉ። ታዲያ ያንን «የገበያ ዋጋ» ማን ሰቀለው? ባለሀብቱ፣ አከራዩ፣ አዎ። እንዲሁም «የተደበቀች ዕንቁ አገኘሁ!» ብሎ ለዓለም የሚያውጅ መንገደኛ ሁሉ። የተደበቀች? ከማን? የሰፈሩ ሰው እኮ አንድም ቀን ጠፍታው አታውቅም። አበሻ ሲተርት ገንፎን እፍ እፍ የሚሉት ሊውጡት ነው ይላል። የዝርዝር ምስጋናም እንደዚያው ነው።

ማድሪድ ውስጥ ፕላሳ ማዮር ጎን «መርካዶ ዴ ሳን ሚጌል» የሚባል በብረትና በመስተዋት የተሠራ የሚያምር ገበያ አለ። በ1916 ሲከፈት የሰፈሩ እናቶች ሥጋና አትክልት የሚገዙበት ገበያ ነበር። ከጊዜ በኋላ ተዳከመ፤ በ2009 ታድሶ የቅምሻ አዳራሽ ሆኖ ተከፈተ። ሕንፃው ድኗል፤ ተመስገን ነው። ገበያው ግን የለም። ሽንኩርት ፈልጋ የምትመጣ የሰፈሩ እናት ያንን አዳራሽ ምን ታድርገው? የባርሴሎናው የቦኬሪያ ገበያ ደግሞ በ2015 ከ15 ሰው ጀምሮ ያሉ የጎብኚ ቡድኖች በተወሰኑ ቀናትና ሰዓታት እንዳይገቡ እስከመከልከል ደርሷል፤ ፎቶ አንሺው ገዢውን አላሳልፍ ብሎት! በ2024 የባርሴሎና ሰዎች አደባባይ ወጥተው ጎብኚዎችን በልጆች የውኃ ሽጉጥ ሲረጩ ዓለም አይቶ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። የዚያች ከተማ አስተዳደር በዚያው ዓመት የ10,101 የቱሪስት መኖሪያ ቤቶችን ፈቃድ በ2028 እንደማያድስ ያስታወቀው ነዋሪው መኖሪያ አጥቶ ነው።

«ባለቤቱስ? ገንዘብ አላገኘም ወይ?» የሚል ጥሩ ጥያቄ አለ። ሕንፃው የራሱ ከሆነ አግኝቷል፤ አላሳዝንም ይላል። ተከራይ ከሆነ ግን ትርፉ ወደ አከራዩ ኪስ ነው የሚገባው፤ ውል ሲታደስ ታዩታላችሁ። ደግሞስ የሰፈር ቡና ቤት ገንዘብ ብቻ ነው ወይ የሚሠራው? ስፔን ውስጥ የሰፈር ቡና ቤት የብቸኛ ሰዎች ሳሎን ነው። ባሏ የሞተባት አሮጊት ጧት ወተት ያለው ቡና ትጠጣለች፤ አሳላፊው ስኳሯን ሳትጠይቀው ያቀርባል። ሁለት ቀን ካልመጣች «ዶኛ እንትና ምን ሆነው ነው?» ብሎ የሚጠይቅ እሱ ነው። እቃ ተቀብሎ ያስቀምጥላታል፤ የልጅ ልጇ ቁልፍ ቢጠፋው ከሱ ዘንድ ይወስዳል። የሰፈር ባለሱቅ ላሳደገን ለኛ ይሄ ማብራሪያ አያስፈልገውም። እንግዲህ ያ ቤት ተዘግቶ የኒዮን መብራት ያለው «የታፓስ ማዕከል» ሲሆን አሮጊቷን ማን ይጠይቃት? ባለ አራት ተኩሉ ቤት?

እዚህ ላይ ተቃዋሚዎቼን ላክብር። «እኔ እንግዳ ነኝ፤ ቋንቋ አላውቅ፤ ሁለት ቀን ብቻ ነው ያለኝ፤ ገንዘቤም ትንሽ ነው፤ ያለ ዝርዝር ምን ልሁን?» የሚል አለ። «እኔ የአሳማ ሥጋ አልበላም፤ እጾማለሁም፤ ዝም ብዬ ገብቼ ምን ሊሰጡኝ?» የሚልም አለ። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ በተለይ ሁለተኛው የኛ የአብዛኞቻችን ጥያቄ ነው። ስፔን ውስጥ የአሳማ ጭን ከጣሪያ ተንጠልጥሎ ነው የሚቀበላችሁ። ይህ ምግብ የራሱ ከባድ ታሪክም አለው፤ በ1478 ኢንኩዊዚሽን የተባለው የሃይማኖት ፍርድ ቤት ከተቋቋመ በኋላ አሳማ አልበላ ያለ ሰው «በስውር አይሁዳዊ ነው፣ በስውር እስላም ነው» ተብሎ ሊከሰስበት ይችል ነበር።

ነገር ግን ያው አገር የጾም አገርም ነበር። ባካላኦ ስፔን ውስጥ እንዲህ ሥር የሰደደው በዐቢይ ጾማቸው ሥጋ ስለማይበላ ነው። ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ልተወውና፣ ሴቪያ ላይ ስፒናች በሽምብራ የሚባል ታፓ አለ፤ በወይራ ዘይት፣ በነጭ ሽንኩርትና በከሙን የሚሠራ፤ እንጀራ ብቻ ነው የጎደለው ያሰኛል። ጋሊሲያ ውስጥ ካለችው ከፓድሮን የመጣ ትንንሽ የተጠበሰ ቃሪያ አለ፤ አብዛኛው አያቃጥልም፤ አንዳንዱ ግን ያስለቅሳል፤ የቱ እንደሆነ አይታወቅም። የወይራ ፍሬው፣ ሽሪምፑ፣ የላማንቻ የበግ አይቡ አለ። «ያለ አሳማ» ብሎ መጠየቅ ደግሞ የሚከፋው ሰው የለም። ይህን ሁሉ ለማወቅ ኮከብ መቁጠር አያስፈልግም፤ የምግቡን ስም ማወቅ ነው የሚያስፈልገው። መረጃ ሌላ ነው፤ ደረጃ ሌላ ነው። እኔ የተጣላሁት ከደረጃው ጋር ነው።

ለጊዜ አጡም ቢሆን ዓይንና እግር ይበቁታል። መጀመሪያ ሰዓቱን አስተካክሉ። ፍራንኮ በ1940 የአገሪቱን ሰዓት ከበርሊን ጋር አመሳስሎ እስከ ዛሬ እንደዚያው ቀርቷል፤ ስፔኖችም በልማዳቸው አምሽተው ነው የሚበሉት። በኛ አቆጣጠር ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እራት የሚያበላ ቤት የሚያበላው እንግዳ ነው። ሰዉ የሚወጣው ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። እሑድ ከሆነ ደግሞ ኤል ራስትሮ የሚባለው የአሮጌ ዕቃ ገበያ ሲበተን ሰዉን ተከትላችሁ ወደ ላ ላቲና ሰፈር ዝለቁ፤ ማንም ሳይጠቁማችሁ ትደርሳላችሁ። በር ላይ ቆሞ የሚጎትታችሁ ካለ እለፉት፤ ጥሩ ቤት ደላላ አይቀጥርም። የምግብ ፎቶ ከደጅ ከሰቀለ እለፉት። ሰሌዳው አጭር ከሆነ፣ በጠመኔ ከተጻፈ፣ የቆመው ሰው በዕድሜ የተቀላቀለ ከሆነ ግቡ። ወለሉ ላይ የወዳደቀ ናፕኪን ብታዩ አትጸየፉ፤ በድሮው ልማድ ሰው የበዛበት ቤት ምልክት ነው። ባንኮኒው ላይ መቆም ደጅ ከመቀመጥ ሊረክስ ይችላል፤ ዋጋው ተጽፎ እንደሆነ ተመልከቱ። የቧንቧ ውኃ ጠይቁ፤ ከ2022 ጀምሮ በነፃ የማቅረብ ሕጋዊ ግዴታ አለባቸው። ከሁሉም በላይ ግን ሰው ጠይቁ። «የት ልብላ?» አትበሉ። «እዚህ ቤት እናንተ ምንድን ነው የምትበሉት?» በሉ። ቋንቋ ከሌላችሁ አጠገባችሁ ያለውን ሰው ሳህን በጣት አሳዩ፤ ይስቃል፤ ጨዋታ ተጀመረ ማለት ነው።

አንዳንዴ የማይጥም ይገጥማችኋል። ይግጠማችሁ! የከሰራችሁት አንዲት ትንሽ ቢራና አንዲት ቅምሻ ነው፤ ቀጣዩ ቤት ሁለት በር አልፎ ነው ያለው። የታፓስ ጥበቡ እኮ ይሄው ነው፤ ስህተቱ እንኳ ርካሽ ነው። ሃምሳ ደቂቃ ተሰልፎ፣ ወንበር ላይ ታስሮ፣ ሙሉ ሂሳብ ከፍሎ ከመከፋት ስንት ጊዜ ይሻላል?

ወገኖቼ፣ ጉዳዩ የድንች ጥብስ ጉዳይ አይደለም። አጠገባችን ከቆመው ሰው ይልቅ ፊቱን አይተነው የማናውቀውን ሺህ ሰው ማመን ለምደናል። ምላሳችን ጣዕሙን ከመናገሩ በፊት ቁጥር እንጠይቃለን። አራት ተኩል ካለው ይጣፍጣል፤ ሦስት ካለው አይጣፍጥም። ይህ ልማድ ዛሬ በቶርቲያ ይጀምራል፤ ነገ ሐኪሙንም፣ አስተማሪውንም፣ ጎረቤቱንም በኮከብ የሚመዝን ሰው ያፈራል። እየመጣም ነው።

ስለዚህ የምትሄዱ ሰዎች ሆይ፣ ደህና ቤት ቢገጥማችሁ ብሉ፣ ጠጡ፣ ሂሳባችሁን ክፈሉ፣ አሳላፊውን አመስግኑ። የፎቶውን ነገር ተዉት። ኮከቡንም ለሰማይ ተዉለት። ቤቱን ከወደዳችሁት በማግስቱ ተመለሱ፤ በሦስተኛው ቀን ገና በሩን ስትገቡ አሳላፊው የምትጠጡትን ሳይጠይቃችሁ ይቀዳላችኋል። ከዚህ የበለጠ ምን ደረጃ አለ?